ኖርማን ማክላረን፦ በየፊልሙ ዘዴ የሚቀያይር ሰው ስልት አለው?

ጥያቄ፦ «የአኒሜሽን ፊልም ሠሪው ኖርማን ማክላረን አንዱን ፊልም በቀለም ይስላል፣ ሌላውን በስለት ይጭራል፣ ሌላውን ደግሞ በሰው ተዋናይ ይሠራል። እንዲህ ዘዴ የሚቀያይር ፊልም ሠሪ የራሱ የሆነ ስልት አለው ማለት ይቻላል? እኔም በ16 ሚሊሜትር ፊልም ላይ በቀጥታ ለመሳል ሞክሬ ሥዕሉ ስክሪን ላይ ይንቀጠቀጥብኛል፣ ቀለሙም ይላላጣል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ድምፅንስ በእጅ መሳል በእርግጥ ይቻላል?»

ምላሽ፦

ስልት አለው፤ ያውም ጠበቅ ያለ። ስልቱን በመልክ ከፈለጉት ግን አያገኙትም። ፊልሞቹን ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው በአንዱ ዶሮ ትጨፍራለች፣ በሌላው ቀለም ብቻ ይፈስሳል፣ በሌላው ሁለት ጎረቤታሞች ለአንዲት አበባ ሲሉ ይገዳደላሉ። ማክላረን ስለ ሙያው ሲናገር፣ አኒሜሽን የሚንቀሳቀሱ ሥዕሎች ጥበብ ሳይሆን የሚሳሉ እንቅስቃሴዎች ጥበብ ነው ይል ነበር። በእሱ እይታ ፍሬሙ (የፊልሙ አንድ ነጠላ ምስል) ላይ ካለው ሥዕል ይልቅ በአንዱ ፍሬምና በተከታዩ መካከል ያለው ለውጥ ይበልጣል። ቀለምም ሆነ ስለት፣ ካርድም ሆነ ሰው ይህንን ለውጥ ለመቆጣጠር የተመረጡ መሣሪያዎች ናቸው። እርስዎ የገጠመዎት መንቀጥቀጥም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። የማክላረንን ሥራዎች ለዚህ ችግር የተሰጡ ተከታታይ መልሶች አድርጎ ማየት ስልቱንም የእርስዎንም ችግር ያብራራል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ሦስቱንም ጥያቄዎች በአንድነት እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሥራ ዘመኑን ባጭሩ። በ1914 ስኮትላንድ ውስጥ ስተርሊንግ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ በግላስጎው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ተማረ። ተማሪ ሳለ ካሜራ ስላልነበረው ያረጀ የ35 ሚሊሜትር ፊልም ወስዶ ምስል የሚይዘውን ሽፋን (ኢመልሽኑን) አጥቦ አስለቀቀና በባዶው ፊልም ላይ በቀለም ሳለ። በ1935 በስኮትላንድ የአማተር ፊልም ፌስቲቫል ያቀረባቸውን ሥራዎች ዳኛ የነበረው የዘጋቢ ፊልም ሠሪ ጆን ግሪርሰን አየለት፤ በተከታዩ ዓመት በለንደን በብሪታንያ ፖስታ ቤት የፊልም ክፍል ቀጠረው። በዚያው በ1936 ስለ ማድሪድ መከላከል ለሚዘጋጅ ዘጋቢ ፊልም ካሜራ ይዞ ወደ እስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሄደ። በ1939 ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። በ1941 ግሪርሰን እንደገና ጠራውና ወደ ካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ገባ፤ ቀሪ የሥራ ዘመኑንም እዚያው አሳለፈ። የመጨረሻ ፊልሙ «ናርሲሰስ» በ1983 ወጣ፤ እሱም በ1987 አረፈ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ በፊልም ላይ በቀጥታ መሳልን የፈጠረው ማክላረን ነው የሚባለው ትክክል አይደለም። ሌን ላይ የተባለ ፊልም ሠሪ በ1935 «ኤ ከለር ቦክስ»ን በዚሁ መንገድ ለዚያው የፖስታ ቤት የፊልም ክፍል ሠርቶ አሳይቷል፤ ማክላረንም ያደንቀው ነበር። ሁለተኛ፣ ማክላረን ደመወዝተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በጦርነቱ ዘመን እንደ «ቪ ፎር ቪክትሪ» (1941)፣ «ሄን ሆፕ» (1942) እና «ዶላር ዳንስ» (1943) ያሉ አጫጭር የቅስቀሳ ፊልሞችን ሲሠራ የተፈለገበት መልእክቱን በጥቂት ወጪ ማድረስ ነበር፤ መንገዱን እንዲመርጥ ግን ነፃነት ተሰጥቶታል። ቦርዱ ላቦራቶሪ፣ የድምፅ ክፍልና ኦፕቲካል ፕሪንተር (የተነሣን ፊልም በፍሬም በፍሬም እንደገና የሚያነሣ ማሽን) ነበረው። እንደ ኤቭሊን ላምባርት፣ ግራንት መንሮና ሬኔ ዦዶዋን ያሉ ባልደረቦችም አብረውት ነበሩ። ያንን ሁሉ ብቻውን በጠረጴዛ ላይ እንደሠራው ቆጥሮ ለመድረስ የሚሞክር ሰው ያለ ምክንያት ተስፋ ይቆርጣል።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ። የ16 ሚሊሜትር ፊልም አንድ ፍሬም 10.26 ሚሊሜትር ይሰፋል። 2 ሜትር ስፋት ባለው ስክሪን ላይ ሲታይ 195 ጊዜ ያህል ይገዝፋል። እጅዎ ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ቢስት መስመሩ በስክሪኑ ላይ 2 ሴንቲሜትር ያህል ይዘላል፤ በሰከንድ 24 ጊዜ ይህ ሲደጋገም ዓይን እንቅስቃሴውን ትቶ ዝላዩን ያያል። ማክላረን በአብዛኛው በ35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ ስለሠራ የፍሬሙ ስፋት ወደ 22 ሚሊሜትር ይደርስለት ነበር፤ ያው የእጅ ስሕተት በስክሪኑ ላይ ከግማሽ በታች ይሆናል። እርስዎ የያዙት ፊልም ከእሱ ይልቅ ከባድ ነው ማለት ነው።

የማክላረን የመጀመሪያ መልስ መንቀጥቀጡን መታገል ነበር። ፊልሙን ከታች ብርሃን በሚያበራ ጠፍጣፋ መያዣ ላይ ያስቀምጥና ከካሜራ በተወሰደ፣ ፊልሙን በጥርስ በሚስብ መሣሪያ አንድ አንድ ፍሬም ብቻ እንዲንቀሳቀስ ያደርገዋል። ከዚህ የሚልቀው ዋናው ብልሃት ግን አሁን የተሳለውን ፍሬም በተከታዩ ባዶ ፍሬም ላይ የሚያንጸባርቅ የመስተዋት መሣሪያ መጨመሩ ነው። የቀደመውን ሥዕል እያየ ቀጣዩን ምን ያህል እንደሚያዛውረው በትክክል ይወስናል። «ሄን ሆፕ»ና «ዶላር ዳንስ» በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው፤ መስመሮቻቸው ትንሽ ይርገበገባሉ፤ ርግብግብታውም ለሥዕሎቹ ሕይወት ይሰጣቸዋል እንጂ አይረብሽም። ቀለል ያሉ፣ ጥቂት መስመር ያላቸው ቅርጾችን የመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ፍሬም ላይ መስመር በበዛ ቁጥር የሚንቀጠቀጠው ነገርም አብሮ ይበዛል።

ሁለተኛው መልስ ፍሬሙን ጨርሶ መርሳት ነው። በ«ፊድል ዲ ዲ» (1947) እና ከላምባርት ጋር በሠራው «ቢጎን ደል ኬር» (1949) ፊልሙን በረጅም ሰሌዳ ላይ ዘርግተው የፍሬም ወሰን ሳያስቡ ከዳር እስከ ዳር ቀቡት። እርጥብ ቀለም ላይ ዳንቴልና መረብ መሰል ጨርቅ ጫኑ፣ አቧራ እንዲቀመጥበት ተዉት፣ የደረቀውን ጥቁር ቀለም ጫሩ፤ በፊልሙ በሁለቱም ገጽ ላይ ሠሩ። የ«ቢጎን ደል ኬር» ሙዚቃ የኦስካር ፒተርሰን የጃዝ ቡድን ነው። ፊልሙ ሦስት ክፍል አለው፤ ዳርና ዳሩ ፈጣንና ባለ ቀለም ሲሆን መካከለኛው ቀርፋፋና በጥቁር ላይ ቀጭን ቋሚ ጭረቶች ብቻ የሚታዩበት ነው። ፕሮጀክተሩ ያንን ያልተቋረጠ ቅብ በሰከንድ 24 ጊዜ ቆርጦ ሲያሳየው እያንዳንዱ ፍሬም ከጎረቤቱ ጋር የማይመሳሰል ይሆናል፤ የሚነጻጸር ቅርጽ ስለሌለ «ተንቀጠቀጠ» የሚባል ነገር አይኖርም። ብዙ ጀማሪዎች በዚህ ተማርከው ቀለም ይረጩና ውጤቱ አሰልቺ ይሆንባቸዋል። የሚጎድለው መለኪያ ነው። ማክላረን ሙዚቃውን አስቀድሞ ያስቀዳል፤ የተቀዳውን የድምፅ ትራክ (በፊልሙ ጠርዝ ድምፁ ያለበትን መስመር) በማንበቢያ ላይ ቀስ እያደረገ አሳልፎ እያንዳንዱ ምት በስንተኛው ፍሬም ላይ እንደሚወድቅ በወረቀት ይመዘግባል፤ ከዚያ ነው ብሩሹን የሚያነሣው። ለውጡ የሚመጣው ሙዚቃው ሲለወጥ ስለሆነ የተረጨው ቀለም እንኳ የታሰበበት ይመስላል።

ሦስተኛው መልስ «ብሊንኪቲ ብላንክ» (1955) ነው፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማየውም እሱን ነው። እዚህ የተሠራው በጥቁር ኢመልሽን በተሸፈነ ፊልም ላይ በስለት እየጫሩ ነው። ጥቁሩ ፊልም ብርሃን አያሳልፍም፤ ስለዚህ የቀደመውን ፍሬም ማየትና ማስተካከል አይቻልም። ማክላረን ይህንን ሊያሸንፍ አልሞከረም፤ አብዛኞቹን ፍሬሞች ባዶ ጥቁር ተዋቸው። እዚህ አንድ ፍሬም፣ እዚያ ሁለት ሦስት ፍሬም ተከታትሎ ይጭርና መካከሉን ጨለማ ያደርገዋል። በብልጭታ የታየው ምስል ዓይን ላይ ለቅጽበት ይቀራል፤ ባዶውን የሚሞላው የተመልካቹ አእምሮ ነው። ወፍ ከሚመስል ቅርጽ ወደ ሌላ ቅርጽ የሚደረገው ዝላይ በፊልሙ ላይ የለም፤ እኛ ነን የምንሠራው። ሞሪስ ብላክበርን የጻፈው ሙዚቃም በከፊል ለተጫዋቾቹ ፈጠራ የተተወ ነው፤ በላዩ ማክላረን በፊልሙ ድምፅ ትራክ ላይ የጫራቸው የምት ድምፆች ተጨመሩበት። ፊልሙ በ1955 በካን የፊልም ፌስቲቫል ፓልም ዶር የተባለውን የአጭር ፊልም ከፍተኛ ሽልማት አሸንፏል። በፍሬምና በፍሬም መካከል ስላለው ነገር የተናገረውን እዚህ ቃል በቃል በተግባር ያዩታል።

ከዚያ በኋላ በ«ላይንስ ቨርቲካል» (1960) ከላምባርት ጋር ሌላ መንገድ መጡ። በረጅም ማስመሪያ እየተመሩ በፊልሙ ርዝመት አቅጣጫ መስመር ይጭራሉ። አንዱ መስመር በአንድ ጭረት ብዙ ፍሬሞችን ስለሚያቋርጥ ከፍሬም ፍሬም የሚሳት ነገር የለም፤ ማስመሪያው በትንሹ ካዘነበለ መስመሩ በስክሪኑ ላይ ረጋ ብሎ ወደ ጎን ይንሸራተታል። በ1962 እያንዳንዱን ፍሬም በኦፕቲካል ፕሪንተር 90 ዲግሪ አዙረው «ላይንስ ሆሪዞንታል»ን አወጡ። በ1965 ሁለቱን ደርበው መስመሮቹ የሚገናኙባቸውን ነጥቦች ብቻ በማስቀረት «ሞዛይክ»ን ሠሩ። አንድ ነገር ጭረው ሦስት ፊልም አገኙበት።

«ፓ ደ ዱ» (1968) የዚህ አስተሳሰብ ጫፍ ነው። ሁለት የባሌ ዳንሰኞች በጥቁር መድረክ ላይ ከኋላና ከጎን ብቻ በርቶላቸው ይጨፍራሉ፤ የሰውነታቸው ጠርዝ ብቻ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ያው ቀረጻ በኦፕቲካል ፕሪንተር በጥቂት ፍሬሞች እየዘገየ በራሱ ላይ ይደረባል፤ በአንዳንድ ቦታ አንዱ ፍሬም እስከ 11 ጊዜ ብርሃን ተቀብሏል። ዳንሰኛዋ እጇን ስታነሣ ያለፉት እጆቿ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ይቆያሉ፤ ስትቆም ደግሞ የኋላዎቹ ደርሰው ይዋሃዷታል። በዲጂታል ሶፍትዌር ይህንን መኮረጅ ቀላል ነው፤ ብዙዎች የሚስቱት ግን መብራቱን ነው። መላ ሰውነቱ ከበራ ሦስት አራት ምስል ሲደረብ ሁሉም ነጭ ጭጋግ ይሆናል። ቀጭን የጠርዝ ብርሃን፣ ፍጹም ጥቁር ጀርባና በየመካከሉ ቆም የሚል እንቅስቃሴ ከሌለ ዘዴው አይሠራም።

በ«ኔበርስ» (1952) ግን ቀለምም ስለትም የለም፤ ሰዎች ናቸው። ግራንት መንሮና ዣን ፖል ላዱሰር ቦታቸውን በጥቂቱ እየቀየሩ በአንድ አንድ ፍሬም ይነሣሉ። ፒክሲሌሽን የሚባለው ይህ ነው፤ ስያሜውን ያወጣው ራሱ መንሮ ነው። ሰው ሳይራመድ በሣር ላይ እንዲንሸራተት ከተፈለገ ትንሽ እየተዛወረ ቆሞ ይነሣል፤ በአየር ላይ እንዲበር ከተፈለገ እየዘለለ ከፍ ባለበት ቅጽበት ይነሣል። ፊልሙ የተሠራው ማክላረን ለዩኔስኮ ቻይና ውስጥ ሠርቶ ከተመለሰ በኋላ ነው። ጎረቤታሞቹ አንዱ የሌላውን ሚስትና ልጅ የሚመቱበት ክፍል ለስርጭት ሲባል ተቆርጦ ቆይቶ በቬትናም ጦርነት ዘመን ተመልሷል። የአካዳሚ ሽልማት ያገኘውም በአጭር ዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ነበር፤ ምደባው እስከ ዛሬ ብዙዎችን ያስገርማል።

ወደ እርስዎ ጠረጴዛ እንመለስ። የማክላረንን የመስተዋት መሣሪያ መሥራት አያስፈልግዎትም፤ ከሱ የሚቀል ዘዴ አለ። በብርሃን ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይለጥፉና ሁለት መርፌዎች በፊልሙ የጠርዝ ቀዳዳዎች እንዲገቡ አድርገው ይትከሉ። የ16 ሚሊሜትር ፊልም ቀዳዳ 1.83 በ1.27 ሚሊሜትር ስለሆነ 1.2 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው መርፌ ይስማማዋል፤ ከዚያ የቀጠነ ከሆነ ፊልሙ ይላወሳል፣ የወፈረ ከሆነ ቀዳዳውን ይሰነጥቃል። መርፌዎቹ አጠገብ፣ ከፊልሙ ሥር በሚውልበት ቦታ፣ የሚስሉትን ቅርጽ በወረቀት ላይ አስቀድመው ይሣሉ። በ16 ሚሊሜትር ለአንድ ፍሬም በአንድ ጠርዝ አንድ ቀዳዳ ነው ያለው፤ ፊልሙን አንድ ቀዳዳ ባሳለፉ ቁጥር ከወረቀቱ ላይ ይቅዱ። ቅርጹ እንዲንቀሳቀስ ሲፈልጉ ወረቀቱን በሚሊሜትር በተሰመረ ማስመሪያ ጎን ያንሸራትቱ። ለምሳሌ አንድ ነገር ስክሪኑን በአንድ ሰከንድ እንዲያቋርጥ 10.26ን ለ24 ሲያካፍሉ በፍሬም 0.43 ሚሊሜትር ይሆናል። የእጅዎ ስሕተት ከእርምጃው ጋር ከተቀራረበ እንቅስቃሴው አይታይም፤ ስለዚህ ከ0.3 ሚሊሜትር ያነሰ እርምጃ በእጅ አይሞክሩ። ቀርፋፋ እንቅስቃሴ የግድ ከሆነ እንደ «ላይንስ ቨርቲካል» በማስመሪያ ይጫሩት።

መንቀጥቀጡ ከእጅዎ ሳይሆን ከፊልሙ የሚመጣበት ጊዜም አለ። ያረጀ ፊልም፣ በተለይ አሲቴት ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራው፣ ይኮማተራል፤ ቀዳዳዎቹ ሲቀራረቡ የፕሮጀክተሩ ጥርስ አይገጥማቸውም። አንድ ሜትር ከአዲስ ፊልም ጋር ጎን ለጎን ዘርግተው ቀዳዳዎቹ መጨረሻ ላይ እኩል መዋላቸውን ይመልከቱ፤ በግልጽ ከተለያዩ ያንን ፊልም ይተዉት።

ቀለሙ የሚላላጠው በአብዛኛው ባልሆነ ገጽ ላይ ስለተቀባ ነው። ፊልም ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ለስላሳ ፕላስቲክ፣ ሌላው ጄላቲን ያለበት ኢመልሽን ነው። ለመለየት ጠርዙን በረጠበ ከንፈር ይንኩት፤ የሚጣበቀው የኢመልሽኑ ገጽ ነው። ጄላቲን ውኃ ስለሚመጥ ውኃ ያለበት ቀለም እዚያ ዘልቆ ይገባል፤ በፕላስቲኩ ገጽ ላይ ግን ጠብታ ሆኖ ይሰበሰባል፣ ሲደርቅም ፊልሙ በፕሮጀክተሩ ጥቅል ዙሪያ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ባዶ ፊልም ሲገዙ ይህንን ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ጄላቲን የሌለው ንጹሕ ፕላስቲክ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ የሚሠራው በአልኮል የተቀመመ የማይለቅ ማርከር ነው። ወፍራም አክሪሊክ በሁለቱም ገጽ ላይ ያስቸግራል። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ፊልሙን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ፣ የጥጥ ጓንት ያድርጉ፤ የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ቀለም አይይዝም። ቀለሙ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ፤ ያልደረቀ ፊልም ከተጠቀለለ አንዱ ዙር ሌላው ላይ ተጣብቆ ሲፈታ ይገሸለጣል። ጠርዝና ቀዳዳዎቹን አይቀቡ፤ ፊልሙ በሌንሱ ፊት ሲያልፍ የሚደገፈው በጠርዙ ስለሆነ እዚያ ያለ ቀለም ተፍቆ መንገዱን ይዘጋል። የተቀባውን ዋና ቅጂ ደጋግመው በፕሮጀክተር አያሳዩ፤ ስካን አስደርገው ወይም ላቦራቶሪ ቅጂ አስወጥተው ያንን ያሳዩ። መጋጠሚያ ሲሠሩም ፊልሙ ፖሊስተር ከሆነ ማጣበቂያ ፈሳሽ አይሠራበትም፤ የመጋጠሚያ ቴፕ ብቻ ይጠቀሙ።

ለመጫር የጠቆረ ባለ ቀለም ፊልም ካገኙ ጥሩ ዕድል ነው። ለሲኒማ በታተመ ባለ ቀለም ቅጂ ላይ የላይኛው ንብርብር ማጀንታ (ሐምራዊ ያዘለ ቀይ)፣ መካከለኛው ሲያን (አረንጓዴ ያዘለ ሰማያዊ)፣ የታችኛው ቢጫ ነው። ቀስ ብለው ከጫሩ ማጀንታው ይነሣና አረንጓዴ ያያሉ፤ ጠንከር ካሉ ቢጫ፣ እስከ ፕላስቲኩ ከደረሱ ነጭ። በካሜራ ውስጥ የተነሣ ሪቨርሳል ፊልም (ከታጠበ በኋላ ራሱ በፕሮጀክተር የሚታየው) ግን የላይኛው ንብርብሩ ቢጫ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ሰማያዊ፣ ሲያን፣ ነጭ ይሆናል። ምላጩን እንደ ጥልቀቱ መቆጣጠር ከለመዱ ምንም ቀለም ሳይገዙ ባለ ቀለም ሥዕል አለዎት። የልብስ ማንጪያ ክሎሪንም ኢመልሽኑን ያነሣል፤ በዚህ ከሠሩ መስኮት ይከፈት፣ የጎማ ጓንት ይደረግ፣ ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ፣ ፊልሙም በደንብ በውኃ ይታጠብ።

ምቱን ለማስላት 1440ን በሙዚቃው ፍጥነት ያካፍሉ። በደቂቃ 120 ምት ያለው ሙዚቃ በየ12 ፍሬሙ፣ 90 ምት ያለው በየ16 ፍሬሙ፣ 144 ምት ያለው በየ10 ፍሬሙ ይመታል። ለመጀመሪያ ሥራ 10 ሰከንድ ይበቃል፤ 240 ፍሬም፣ በ16 ሚሊሜትር 1.83 ሜትር ማለት ነው። ጥቁርና ነጭን በየፍሬሙ የሚያፈራርቅ ብልጭታ ካለበት የሚጥል በሽታ ያለባቸው ተመልካቾች እንዲያውቁት ከማሳየትዎ በፊት ይንገሩ።

ድምፁን በእጅ መሳል በእርግጥ ይቻላል። ማክላረን በኒው ዮርክ «ዶትስ»ና «ሉፕስ»ን (1940) ሲሠራ ምስሉንም ድምፁንም በዚያው ብዕር ሳለ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በፊልሙ ጠርዝ ያለው የድምፅ ትራክ በቀጭን የብርሃን መስመር ፊት ያልፋል፤ ጥቁሩና ጥርት ያለው ክፍል ሲፈራረቁ ወደ ፎቶሴሉ (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ወደሚቀይረው ዕቃ) የሚደርሰው ብርሃን ይለዋወጣል፤ ያ ለውጥ ወደ ድምፅ ይቀየራል። ስለዚህ የድምፁን ከፍታ የሚወስነው በአንድ ፍሬም ርዝመት ውስጥ ያሉት ጭረቶች ብዛት በ24 ሲባዛ ነው። 4 ጭረት 96 ኸርዝ (በሰከንድ 96 ንዝረት) ይሰጣል፣ 8 ጭረት 192፣ 16 ጭረት 384፤ ብዛቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል። የሙዚቃ መቃኛ የሆነውን 440 ኸርዝ ለማግኘት 18.33 ጭረት ያስፈልጋል። በ35 ሚሊሜትር ፊልም ይህ በየ1 ሚሊሜትሩ አንድ ጭረት ስለሆነ በብዕር ይሞከራል፤ በ16 ሚሊሜትር ግን በየ0.42 ሚሊሜትር ስለሚሆን ለእጅ አስቸጋሪ ነው። በ16 ሚሊሜትር ከ200 ኸርዝ በታች ባሉ ድምፆችና በምት ድምፆች ይወሰኑ። ጭረቱ በትራኩ ስፋት ላይ በረዘመ ቁጥር ድምፁ ይጎላል። በድንገት ወፍሮ እየቀጠነ የሚሄድ የጭረቶች ተርታ እንደ ከበሮ ይመታል፤ ከቀጭን ጀምሮ የሚወፍር ተርታ ደግሞ ቀስ ብሎ ይነሣል። ስለታም ጠርዝ ያለው ጭረት ሻካራ፣ ጠርዙ የደበዘዘ ጭረት ለስላሳ ድምፅ አለው።

ትክክለኛ ዜማ ሲያስፈልገው ማክላረን ከላምባርት ጋር ወደ ካርድ ዞረ። ለእያንዳንዱ ግማሽ እርከን አንድ ካርድ፣ በካርዱ ላይ እኩል የተራራቁ ጥቁርና ነጭ መስመሮች፤ ካርዶቹን እንደ ዜማው እየለዋወጠ በድምፅ ትራኩ ቦታ ላይ በፍሬም በፍሬም ያነሣቸዋል፣ ጉልሕነቱን ደግሞ የመስመሮቹን የሚታይ ስፋት በመሸፈን ይቆጣጠራል። የ«ኔበርስ» ሙዚቃ እንዲህ የተሠራ ነው። በ«ሲንክሮሚ» (1971) ደግሞ እነዚያኑ መስመሮች ቀለም ቀብቶ ወደ ምስሉ ቦታ አመጣቸው፤ የሚታየውና የሚሰማው አንድ ነገር ነው። ስልቱን በአንድ ፊልም ማሳየት ቢኖርብኝ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ከ«ዶትስ» ጀምሮ ለ30 ዓመት የተከተለው ሐሳብ እዚህ ያለ ምንም ሽፋን ይታያል።

ድምፅ ሲስሉ በብዛት የሚበላሹት እነዚህ ናቸው። ፊልሙ ባለ አንድ ጠርዝ ቀዳዳ መሆን አለበት፤ ሁለቱም ጠርዝ የተበሳ ከሆነ የድምፅ ትራኩ ቦታ የለም፣ የሚሰሙትም የቀዳዳዎቹን ጩኸት ይሆናል። ምስሉ በፕሮጀክተር ውስጥ እየቆመ ሲሄድ ድምፁ ግን ሳይቆም ስለሚነበብ ለድምፅ የፍሬም ወሰን የሚባል የለም። ጭረቶቹ ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው ሲሻገሩ ርቀታቸው ከተዛባ በየፍሬሙ አንድ መሰናክል ይፈጠርና ከዜማው ሥር የ24 ኸርዝ ጉርምርምታ ይሰማል፤ ስለዚህ ጭረቱን በረጅሙ በተሰመረ ወረቀት ላይ ተመርተው ይሣሉ እንጂ በየፍሬሙ እንደገና አይጀምሩ። ፕሮጀክተሩ በ24 ፍሬም ይሂድ፤ በድምፅ አልባው የ18 ፍሬም ፍጥነት ከሄደ ድምፁ ወደ ሦስት አራተኛው ይወርዳል። የአቧራና የቀለም ነጠብጣብ በምስሉ ላይ ባይታወቅም በትራኩ ላይ ይንጣጣል፤ ትራኩን በመጨረሻ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ያጽዱ። በ16 ሚሊሜትር ድምፅ የሚነበበው ምስሉ ከሚታይበት ቦታ በ26 ፍሬም ርቀት ስለሆነ በ100ኛው ፍሬም ላይ ለሚታየው ብልጭታ የምቱን ጭረት ከ74ኛው ፍሬም ጎን ይሣሉ።